ስለ ቦክሰኛው ጃክ ጆንሰን ኦዲዮቡክ፦ ሶስት ኮከብ ሰጠሁ፣ ሁለቱን ያስቀረሁት ስለ እጆቹ ነው

ጨርሼው ነው የምጽፈው። ግማሽ ላይ አቁመው ሪቪው የሚጽፉ ሰዎች አይመቹኝም፣ በተለይ የሰው ሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ የዚህ ሰውዬ ሁለተኛ ግማሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ርዝመቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ እኔ ሶስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ ገመድ እየዘለልኩ፣ ዕቃ እያጠብኩ፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እየሰማሁ። ቦክስ ለሰውነቴ ብዬ እሰራለሁ እንጂ ተወዳድሬ አላውቅም፣ ስለዚህ እንደ ባለሙያ እንዳትወስዱኝ፣ ግን ቢያንስ አፍንጫዬን ተመትቼ እንባዬ ዱብ ዱብ ብሎ ያውቃል፣ ቅሬታዬም ከዛው ነው የሚመጣው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ስለ ዕቃው ቶሎ ልበልና ወደ ሰውዬው ልሂድ። የተራኪው ድምፅ ደስ ይላል፣ አይቸኩልም፣ የሴት ንግግር ሲያነብ ድምፁን እያቀጠነ አያበሳጭም። ፍጥነቱን ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ ስሙት፣ በመደበኛው አንዳንድ ቦታ ያስተኛል። አፑ ግን ሁለቴ ያቆምኩበት ቦታ ጠፍቶት ከምዕራፉ መጀመሪያ አስጀመረኝ፣ አንዴማ ዳውንሎድ ያደረግኩት በሙሉ ድራሹ ጠፋ። ለደንበኛ አገልግሎት ጻፍኩ፣ መልሱ አፑን አጥፍተህ እንደገና ጫነው የሚል ነበር፣ እሱን እኮ እኔም አላጣሁትም። አብሮ የሚመጣው ፒዲኤፍ ላይ ፎቶዎች አሉ፣ እነሱን እንዳትዘሏቸው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለማታውቁት፣ ጃክ ጆንሰን ማለት የመጀመሪያው ጥቁር የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነው፣ ከ1908 እስከ 1915። በ1878 ቴክሳስ ውስጥ ጋልቬስተን በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ፣ እናትና አባቱ በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሰዎች ናቸው። የልጅነቱ ምዕራፍ ደህና ነው፣ ወደብ፣ ጉልበት ስራ፣ ምናምን፣ ብዙ የምለው የለኝም። ትረካው ነፍስ የሚዘራው 1901 ላይ ነው።

በዛ ዓመት ጆ ቾይንስኪ የሚባል ብዙ ያየ ቦክሰኛ ጋልቬስተን ይመጣና ጆንሰንን ሶስተኛው ዙር ላይ ይዘርረዋል። ያኔ ቴክሳስ ውስጥ ለገንዘብ መቧቀስ በሕግ ክልክል ነው፣ የቴክሳስ ሬንጀሮች (የስቴቱ ፖሊሶች) ዘለው ገብተው ሁለቱንም ያዟቸው፣ አሸናፊውም ተሸናፊውም አንድ እስር ቤት ገቡ፣ ሶስት ሳምንት ከምናምን ቀን። እና እዛው እስር ቤት ውስጥ ጓንት ተፈቅዶላቸው ይለማመዱ ነበር፣ ሰውም እየመጣ ያያቸዋል፣ የዘረረው ሰውዬ የተዘረረውን ልጅ ያስተምራል ማለት ነው። ተራኪው እዚህ ጋ ጊዜውን ወስዶ ነው የሚነግራችሁ፣ አመሰግነዋለሁ። አንድ ነገር ግን አላለም፣ እኔ ልበለው፦ ቾይንስኪ ለከባድ ሚዛን ትንሽ ሰውዬ ነበር፣ ዕድሜውን በሙሉ ከሱ በጣም ከሚከብዱት ጋር ሲደባደብ የኖረ፣ ስለዚህ ያወቀው ሙያ ትንሽ ሰው ትልቁን እንዴት ሳይመታ እንደሚያልፈው ነው። ያንን ሙያ ደግሞ ቁመተ ረጅም ጎረምሳ ተማረው። በኋላ ሰው ሁሉ ግራ የገባው በዚህ ነው መሰለኝ፣ ግዙፉ ሰውዬ እንደ ትንሽ ሰው ይጠነቀቃል።

ከዛ ወደ ሻምፒዮንነት የሚሄደው መንገድ ያናድዳል፣ እንዲያናድድም ተደርጎ ነው የተተረከው። በ1903 ዴንቨር ኤድ ማርቲን የሚባለውን ቦክሰኛ በነጥብ አሸንፎ ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተለየውን የከባድ ሚዛን ክብር ወሰደ። ዋናውን የያዘው ጂም ጄፍሪስ ነው፣ ጄፍሪስ ከጥቁር ጋር ለሻምፒዮንነት አልገጥምም ብሎ በ1905 ሳይሸነፍ ጓንቱን ሰቀለ። በ1907 ጆንሰን የድሮውን ሻምፒዮን ቦብ ፊትዝሲመንስን ፊላደልፊያ ላይ በሁለተኛው ዙር ዘረረው፣ ተራኪው እዚህ ጋ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፌሽታ ሊያስመስለው ይሞክራል፣ ፊትዝሲመንስ እኮ ያኔ 44 ዓመቱ ነው፣ ይሄን አለመናገር ሰሚን መሸወድ ነው ባይ ነኝ።

ከዛ ቶሚ በርንስ፣ ያኔ ዋናውን ክብር የያዘው ሰውዬ። ካናዳዊ፣ ቁመቱ 170 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ጆንሰን እንግሊዝ ድረስ ተከተለው፣ አውስትራሊያ ድረስ ተከተለው። ሂው ማኪንቶሽ የሚባለው ፕሮሞተር ለበርንስ 30,000 ዶላር አስማማው፣ ለጆንሰን 5,000፣ ሰውዬው ግን ክፍያውን አይደለም የፈለገው፣ እሺ አለ። ዲሴምበር 26 ቀን 1908፣ ሲድኒ፣ ረሽከተርስ ቤይ። ዳኛውም ራሱ ማኪንቶሽ ነው (ስድብም ምስጋናም አልጨምርበትም)። አስራ አራተኛው ዙር ላይ ፖሊስ ገብቶ አስቆመው፣ ጆንሰን አሸነፈ፣ ካሜራውም እንዲቆም ተደረገና ነጩ ሻምፒዮን ሲያበቃለት የሚያሳየው ጫፍ ፊልሙ ላይ ሳይገባ ቀረ። ይሄ ምዕራፍ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ አርባ ደቂቃው ጋዜጣ ምን አለ፣ ደራሲው ጃክ ለንደን ምን ጻፈ፣ ሁለቱ ምን ተሰዳደቡ ነው። ግጥሚያው ራሱስ? አራት ደቂቃ። ሰዓቴን አይቼ ነው የምላችሁ።

እና ቅሬታዬ ይሄ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ቦክሰኛ ሰምቼ ሰውዬው እጁን እንዴት እንደሚይዝ አልተነገረኝም። መኪናው ተነገረኝ፣ የወርቅ ጥርሱ፣ ልብሱ፣ ሚስቶቹ፣ ቤዝ የሚባለውን ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሳሪያ መጫወቱ ሁሉ ተነገረኝ። እጁ ግን የለም።

ያየሁትን ልንገራችሁ፣ የድሮ ፊልሞቹ በነፃ ይገኛሉ፣ ድምፅ የላቸውም ግን ይታያሉ። ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ክብደቱ የኋላ እግሩ ላይ ነው፣ ግራ እጁ ከፊቱ ራቅ ብሎ ክፍት ነው፣ ልክ በር ሊያንኳኳ እንደመጣ ሰው። ቡጢ ሲመጣ እንደኛ ፊቱን በጓንት አይሸፍንም፣ መንገድ ላይ ይቀበለዋል፣ በመዳፉ ይይዘዋል፣ ወይ ደግሞ ቡጢው ሳይነሳ የሰውዬውን ጡንቻ፣ ከክርኑ ከፍ ብሎ ያለውን፣ ጫን ያደርገዋል፣ ክንዱ እዛው ይሞታል። ከዛ ጠጋ ብሎ አቅፎ በአንድ እጁ ክንዱን እንደያዘ በሌላው ከታች ወደ ላይ አፐርከት። እና ያወራል፣ ከተጋጣሚው ጋር፣ ከተጋጣሚው ኮርነር (ጥግ ቆመው ከሚረዱት ሰዎች) ጋር፣ ከተመልካች ጋር፣ አፉ አይዘጋም። እኔ ይሄን ክንድ መያዝ ስፓር (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ልሞክር ብዬ ሁለት ጊዜ ከንፈሬን ተበላሁ፣ ምክንያቱም ቡጢው ከተነሳ በኋላ ነው የምደርሰው። ሰውዬው የሚያየው እጅን አይደለም፣ ትከሻን ነው ማለት ነው፣ ትከሻው ሳይንቀሳቀስ ነው የሚጀምረው።

ለምን እንደዛ እንደሚቧቀስ ደግሞ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ተራኪው ቁጥሩን ይጠራዋል ግን አያሰላውም። የዛ ዘመን ትልልቅ ግጥሚያዎች ለ45 ዙር የሚፈረሙ ነበሩ። 45 በ3 ደቂቃ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፣ የመሀል እረፍቱ ሲጨመር ሶስት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ በቀጭን ጓንት። እንግዲህ ማን ነው በዚህ ሰዓት ላይ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የሚሯሯጥ? ሰውዬው ጉልበቱን እንደ ደሞዝ ነው የሚያብቃቃው፣ የተጋጣሚውን ጉልበት ደግሞ ያባክናል።

ያኔ ግን ጋዜጦቹ ምን አሉት፣ ፈሪ፣ ሰነፍ፣ ወኔ የሌለው። እዚህ ጋ ነው ኦዲዮው ትልቁን ዕድል ያበላሸው። ጂም ኮርቤት የሚባል ሌላ ሻምፒዮን አለ፣ በ1892 ኒው ኦርሊንስ ላይ ጆን ሱሊቫንን በ21ኛው ዙር የዘረረው፣ እሱም የሚሸሽ፣ የሚከላከል፣ የሚያደክም ቦክሰኛ ነው፣ እሱን ግን ሳይንሳዊ ብለው ነው ያሞካሹት፣ እስከ ዛሬም የዘመናዊ ቦክስ አባት ይሉታል። አንድ ዓይነት ሙያ፣ ነጩ ጋ ሳይንስ፣ ጥቁሩ ጋ ፍርሃት። እና የሚገርመው ይሄው ኮርቤት በ1910 ጄፍሪስ ጆንሰንን ሊገጥም ወደ ሪንግ ሲመለስ የጄፍሪስ ኮርነር ላይ ቆሞ ጆንሰንን ሲሰድበው ዋለ፣ ኦዲዮው ውስጥም አለ፣ ስድቡን ይነግራችኋል፣ ግን ሁለቱ አንድ ሙያ እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን የለውም!

ሬኖ ከተማ ላይ ከጄፍሪስ ጋር ከተደረገው ግጥሚያ በፊት ኬቸል አለ፣ ኦክቶበር 1909፣ ካሊፎርኒያ፣ ኮልማ። ስታንሊ ኬቸል የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ነው፣ ከጆንሰን ከ15 ኪሎ በላይ ያንሳል። አስራ ሁለተኛው ዙር ላይ ኬቸል ጆንሰንን መትቶ ጣለው፣ ጆንሰን ተነሳና በአንድ መንደርደር ዘረረው፣ ፊልሙ ላይ ከዛ በኋላ ጓንቱን ጠረግ ጠረግ ሲያደርግ ይታያል፣ የኬቸል ጥርስ ነው የተሰካበት ይባላል። ይሄ ክፍል በደንብ ተተርኳል፣ ገመዱን ጥዬ ቆሜ ነው የሰማሁት።

ሬኖ ደግሞ የኦዲዮው ምርጡ ነው፣ ሁለት ሰዓት የሚሆን። ነጩ ሕዝብ ጄፍሪስ ይመለስልን ብሎ አስጨነቀው፣ ጄፍሪስ ወደ ስድስት ዓመት ከሪንግ ርቆ እርሻው ላይ ወፍሯል፣ ወደ 45 ኪሎ መቀነስ ነበረበት። ፕሮሞተሩ ቴክስ ሪካርድ 101,000 ዶላር አቀረበ፣ 60 ፐርሰንቱ ለአሸናፊ። መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ነበር የታሰበው፣ የካሊፎርኒያው ገዢ ከለከለ፣ ሁሉም ነገር ተነቅሎ ወደ ኔቫዳ፣ ነዋሪዋ ከ10,000 ብዙም ወደማይበልጥ ከተማ። ጁላይ 4 ቀን 1910፣ ወደ 20,000 ሰው፣ በር ላይ ሽጉጥ ይሰበሰባል። ዳኛው ራሱ ሪካርድ። ያስተማረው ቾይንስኪ እንኳን ያን ቀን ከጄፍሪስ ካምፕ ጋር ነው፣ ይሄን ስሰማ ደነገጥኩ፣ ተራኪው ደግሞ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሶት አለፈ።

ግጥሚያው ላይ ጄፍሪስ ጎንበስ ብሎ እየገፋ ይገባል፣ ጆንሰን ክንዱን ይይዛል፣ ያወራል፣ ከታች ይመታል፣ እንደገና ይይዛል። የጄፍሪስ ዓይን አብጦ ተዘጋ። አስራ አምስተኛው ዙር ላይ በሕይወቱ ወድቆ የማያውቀው ጄፍሪስ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወደቀ፣ ገመዱ ውስጥ ሾልኮ ሲወጣ የራሱ ሰዎች ደግፈው አስገቡት፣ ለሶስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ሰዎቹ እንዳይዘረር ብለው ገቡ፣ ሪካርድ አስቆመው። ማታውን አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች ተረበሹ፣ ከ20 በላይ ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች። ፊልሙ በየቦታው ታገደ፣ በ1912 ደግሞ ኮንግረሱ የቦክስ ፊልም ከስቴት ወደ ስቴት እንዳይጓጓዝ ሕግ አወጣ። ያው ፊልም በ2005 ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመረጡት የአሜሪካ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ ገባ። አስቡት፣ አንድ ሰው አንድን ሰው ሲያሸንፍ የሚያሳይ ምስል ስለሆነ ብቻ ነው ይሄ ሁሉ።

በቦክስ ያልቻሉትን በሕግ ያዙት፣ ይሄ ክፍል ያማል። በ1910 የወጣው፣ ማን በሚባል ሰው ስም የተጠራው ሕግ ሴቶችን ለዝሙት ንግድ ከስቴት ወደ ስቴት ማዘዋወርን ለመከልከል ነበር። በ1912 መጀመሪያ ሉሲል ካሜሮን በምትባል ነጭ ልጅ ጉዳይ ያዙት፣ ልጅቷ አልመሰክርም አለች፣ በኋላም አገባችው። ከዛ ቤል ሽራይበር የምትባል የድሮ ጓደኛውን ፈልገው ለምስክርነት አመጡ። በዚሁ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሚስቱ ኤታ ቺካጎ ውስጥ ራሷን በሽጉጥ አጥፍታለች፣ ተራኪው ይሄን ያለ ጩኸት ነው ያነበበው፣ ጥሩ አደረገ። በ1913 በሙሉ ነጮች የሆኑ ዳኝነት ሰጪ ዜጎች ጥፋተኛ አሉት፣ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈረደበት። በካናዳ አድርጎ ወደ አውሮፓ አመለጠ፣ ሰባት ዓመት ስደት።

የስደቱ ምዕራፍ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ጁን 27 ቀን 1914 ፓሪስ ላይ ፍራንክ ሞራንን በ20 ዙር በነጥብ አሸነፈ፣ ዳኛው ገና ወጣቱ ጆርጅ ካርፓንቲዬ። በማግስቱ ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ተገደለ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ከዛ በፊት ዲሴምበር 1913 ላይ ደግሞ ባትሊንግ ጂም ጆንሰን ከሚባል ጥቁር ጋር አስር ዙር ተጫውቶ አቻ ወጣ፣ በሁለት ጥቁሮች መሀል የተደረገ የመጀመሪያው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ማለት ነው። እና ይሄንን ካነሱ አይቀር፣ ሳም ላንግፎርድ የታለ? ጆ ጃኔትስ? ሳም ማክቬይስ? ሶስቱም የዛ ዘመን አስፈሪ ጥቁር ቦክሰኞች ናቸው፣ ጆንሰን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ለአንዳቸውም ዕድል አልሰጣቸውም። በሩ ተዘግቶበት ዓለምን የዞረ ሰው ገባና ከኋላው ዘጋው። ኦዲዮው ይሄን በሁለት ደቂቃ አድበስብሶ አለፈው፣ ጀግናው እንዳይቆሽሽበት ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ እኔ ግን ሙሉ ምዕራፍ እፈልግ ነበር፣ ሰውዬውን ይበልጥ ሰው የሚያደርገው እሱ ነውና።

ሀቫና፣ አፕሪል 5 ቀን 1915፣ ጄስ ዊላርድ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ። ጆንሰን 37 ዓመት ከሞላው አምስት ቀኑ ነው። በ26ኛው ዙር ተዘረረ። ፒዲኤፉ ላይ ያለችው ፎቶ ታዋቂዋ ናት፣ በጀርባው ተንጋሎ ክንዱ ዓይኑን ከፀሐይ የጋረደ ይመስላል፣ እሱም በኋላ ሆነ ብዬ ነው የወደቅኩት አለ። ተራኪው መሀል ሰፋሪ ሆኖ ያልፈዋል፣ እኔ ግን አላምነውም። ሊሸነፍ የመጣ ሰው 26 ዙር በዛ ሙቀት ምን ያደርጋል? የሱ ቦክስ ደግሞ የሚሰራው ክንድ መያዝ እስከቻለ ድረስ ነው፣ ዊላርድ ረጅም ነው፣ ክንዱ ሩቅ ነው፣ እግር ሲደክም ወደዛ ክንድ መድረስ አይቻልም። እጁን ብታውቁት መልሱ እዛው ነበር፣ እያልኩ ለብቻዬ ከስልኬ ጋር ተጨቃጨቅኩ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓቶች ሩጫ ናቸው። ጁላይ 1920 ላይ እጁን ሰጠ፣ ሌቨንዎርዝ እስር ቤት ገባ፣ በ1921 ወጣ። በ1922 የመፍቻ ፓተንት (የፈጠራ መብት) በስሙ ተመዘገበለት፣ ይሄ እውነት ነው ፓተንቱ አለ። ኒው ዮርክ፣ ሃርለም የከፈተው ክለብ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ኮተን ክለብ ሆነ። ታይታኒክ ላይ እንዳይሳፈር ተከለከለ የሚለውን ወሬ ኦዲዮው አለማንሳቱን ወድጄዋለሁ፣ ሰውዬው ያኔ አሜሪካ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሩጫ ውስጥ ግን አንዲት ነገር ያዝኩ። በ1936 ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ አልሸነፍ ባይ ወጣት ሆኖ ሀገሩ ሁሉ ሲያብድለት ጆንሰን ይሄ ልጅ ግራ እጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ተጋጣሚው ጀርመናዊው ሽመሊንግ በቀኝ ይመታዋል ብሎ ለሰው ሁሉ ተናገረ፣ ተወራረደም። ሽመሊንግ በ12ኛው ዙር በቀኝ ዘረረው። ብዙ ጥቁሮች ጆንሰንን ተቀየሙት፣ ኦዲዮውም ቅናት ነው ብሎ ነው የሚተርከው፣ ቅናትም ይኖርበታል እንበል። ግን 58 ዓመት የሆነው ሽማግሌ ከሩቅ ቁጭ ብሎ የአንድ እጅ መውረድ አየ እኮ። ክንድ በማየት የኖረ ሰው ነው፣ ይሄንን ከቅናት በቀር ምንም ያላየበት ጸሐፊ ሪንግ አጠገብ የቆመ አይመስለኝም።

አሟሟቱ አጭር ነው፣ ጁን 10 ቀን 1946፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ምግብ ቤት ውስጥ በጥቁርነቱ ስለበደሉት ተበሳጭቶ ወጥቶ መኪናውን ሲያበር ተጋጨ፣ 68 ዓመቱ ነበር። ቺካጎ፣ ከኤታ አጠገብ ተቀበረ። የፍርዱ ይቅርታ የመጣው በ2018 ነው።

እንግዲህ መግዛት ለምትፈልጉ፣ የጋልቬስተኑን እስር ቤት፣ ኬቸልንና ሬኖን ስሙ፣ ሲድኒን ዝለሉት። ሬኖን ከሰማችሁ በኋላ ፊልሙን ከፍታችሁ ግራ እጁን ብቻ እዩ፣ ፊቱን አትዩ፣ ፈገግታው ያታልላል። እኔ ሪፈንድ አልጠየቅኩም፣ አፑ ግን አሁንም ምዕራፍ አስር ላይ ነህ ይለኛል።